ለሕያው የተነፋ ጡሩምባ

በብሎክ ዘጠኝ ሰው ለሰው «እንደምን አደርክ» መባባል ከተወ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አያስፈልግም። በየሰው ደረት ላይ፣ ከአንገት ዝቅ ብሎ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ዘብ ተለጥፏል። አረንጓዴ ከበራ ሰውየው ደህና አድሯል፤ ቢጫ ከሆነ እንቅልፍ አጥቷል ወይ ጨው አብዝቷል። ጎረቤት ከጎረቤት አሳንሰር ውስጥ ሲገናኝ ዓይኑን ወደ ደረት ጣል ያደርግና «አረንጓዴ ነህ» ይላል፤ ያም «አንተም» ብሎ ይመልሳል። መሳሳም ቀርቷል። ትከሻ ለትከሻ መገጫጨትም ቀርቷል፤ ዘብ የሌላ ሰው እጅ ሲያርፍበት «ንክኪ» እያለ ስለሚጮኽ፣ በሰው ፊት ይህን ማስጮኽ ነውር ሆኗል።

ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግም የታወቀ ነው፤ ምንም አይደረግም። ዘቡ ቀይ ይሆናል፣ «አይንኩ» ይላል፣ በራሪው ሐኪም የሚሉት ማሽን በአራት ደቂቃ ውስጥ በመስኮት ይገባል። በየፎቁ ግድግዳ ላይ «የነካ ተጠያቂ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሐቁን ለመናገር በራሪው ሥራውን ያውቃል። በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ከብሎክ ዘጠኝ ብቻ አርባ ሰው ከሞት አፍ መልሷል፤ አንድም ቀን ከአራት ደቂቃ አሳልፎ አያውቅም። ኤልዳና አምሳሉ ራሷ ይህን አትክድም።

ኤልዳና የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የብሎኩ እድር ዕቃ ቤት በእሷ እጅ ነው። ዕቃ ቤቱ ምድር ላይ፣ ከአሳንሰሮቹ ጀርባ ነው፤ ሁለት ድንኳን፣ ሰማንያ አግዳሚ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ የነሐስ ጡሩምባ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አቶ ጎማው አሉ።

እድሩ እስካሁን ለምን እንዳልፈረሰ በቅጡ የሚያውቅ የለም። ሬሳ የሚያጥበውም፣ የሚገንዘውም፣ የሚቀብረውም ማሽን ነው። ጡሩምባውን እንኳ የሚነፋ የለም፤ ሰው ሲያርፍ የተቀዳ ድምፁ ከየግድግዳው ይወጣል። ለእድርተኛው የቀረለት ጡሩምባ ሲሰማ መውረድ፣ ድንኳን ውስጥ መቀመጥና ጸሐፊው ቁጥሩንና ስሙን ሲጠራ «አቤት» ማለት ነው። ሦስት ጊዜ «አቤት» ሳይል የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል። የተሰረዘን ሰው ማሽኑ ይቀብረዋል፤ የሚያለቅስለት ግን የለም። ስለዚህ የብሎክ ዘጠኝ ሰው ከልጁ ጋር አይነጋገር ይሆናል፣ ከጎረቤቱ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፎ ይኖር ይሆናል፤ ጡሩምባ ሲሰማ ግን ሳሙናው ከፊቱ ላይ ሳይለቅ ይወርዳል።

አቶ ጎማው የኤልዳና እናት ትተውት የሄዱት ቅርስ ነው። እናቷ በአምቡላንስ ዘመን ነርስ ነበሩ፤ ሰው የሚያሰለጥኑበት እጅና እግር የሌለው፣ ከእምብርቱ በላይ ብቻ የሆነ የጎማ ሰው ነበራቸው። ኤልዳና እሑድ እሑድ ጠዋት አቧራውን ትጠርግለትና ወለሉ ላይ አስተኝታ ሁለት መቶ ጊዜ ደረቱን ትጫነዋለች። ልክ ከገባ «ጠቅ» ይላል። ካልጠለቀ ዝም ነው። ተጭናው ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀችውም ቀጣዩ ዝም ነው። ለምን እንደምታደርገው ቢጠይቋት «ጎማው እንዳይደርቅ» ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እናቷን ያስታውሳታል፣ እናቷ ደግሞ ይናፍቋታል።

በዚህ የሚስቅባት ታላቅ ወንድሟ ሮቤል ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። አላገባም፣ እሷም አላገባች፤ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። ይህን ለእሱ ነግራው አታውቅም፤ የሚነጋገሩት በነገር መጠቃቀስ ብቻ ነው።

በነሐሴ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሮቤል ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደ።

«ባልሽ እንዴት አደረ?» አላት አቶ ጎማውን በአገጩ እያመለከተ።

«ካንተ ይሻላል። አይነዘንዝም።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደረቱን ስትደቂው ኖርሽ፤ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላለሽም።»

«አንተስ ሠላሳ ዓመት ሻይ ሳፈላልህ መቼ አመሰገንክ?»

የእድሩ ጸሐፊ ናታን ጥግ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ ሳቀ። ናታን ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ዓለም ሁሉ ወረቀት ሲተው እሱ የእድሩን መዝገብ በእጁ ይጽፋል፤ ሳጥን ያሰምራል፣ በየሳጥኑ ውስጥ «ቀርቧል»፣ «ቀርቷል» ወይም «አርፏል» ይላል፤ አራተኛ ቃል የለውም።

ውጭ በረዶ መጣል ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሽንብራ ነበር፤ ወዲያው የዶሮ እንቁላል አከለ። የአሳንሰሩ ኮሪደር መስታወት ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ሮቤል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ፔርሙዙን ከፈተ፣ «ኤልዱ፣ ስኳር አምጥተሻል?» አለ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ፔርሙዙ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ራሱ ወደ ጎን ተዘነበለና አግዳሚው ላይ ተጋደመ።

ዘቡ ቀይ ሆነ።

«ምት የለም። አይንኩ። በራሪው በአራት ደቂቃ ይደርሳል።»

ናታን ብድግ ብሎ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። ዘብ ሲለጠፍባቸው የተማሩት እንዲያ ነው። ኤልዳናም ሳታውቀው እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። በኋላ ሲያሳፍራት የኖረው ይህ ነው፤ ወንድሟ ወድቆ እሷ እንደ ተማሪ ተሰልፋ ቆማ ነበር።

ዘቡ እንደገና ተናገረ። «በበረዶ ምክንያት መዘግየት አለ። በራሪው በአሥራ አንድ ደቂቃ ይደርሳል።» ትንሽ ቆየና፣ ያው ለስላሳ ድምፅ፣ «በራሪው በሃያ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል። አይንኩ።»

«ግዴለም» አለ ናታን። «ግዴለም፣ ይኸው ይተነፍሳል። እያንኮራፋ ነው እኮ!»

እውነትም ሮቤል አፉን ከፍቶ አንድ ጊዜ «ኽርር» አለ፤ ቆየና ደገመው። ኤልዳና ግን የእናቷን ድምፅ ሰማች። «ከውኃ የወጣ ዓሣ አፉን የሚከፍተው እየተነፈሰ መስሎሽ ነው?» ይሉ ነበር እናቷ። «ሲጠሩት ካልሰማ፣ ትንፋሹም እንዲያ ከሆነ፣ ጊዜ አታጥፊ።»

«ጋሼ!» ብላ ትከሻውን ወዘወዘችው። ዘቡ «ንክኪ» ብሎ ጮኸ። ሮቤል አልሰማትም።

«እግሩን ያዝ» አለች።

«እትዬ ኤልዳና፣ የነካ ተጠያቂ...»

«እግሩን ያዝ፣ ናታን! አግዳሚ ላይ አይሆንም፣ ይወዛወዛል። ሲሚንቶው ላይ እናውርደው።»

ናታን እግሩን ያዘ። እሷ ከብብቱ ስር ያዘችው። ሁለቱ ተጋግዘው አወረዱት፤ ዘቡ «ንክኪ፣ ንክኪ» እያለ ይለፈልፋል። ከጎኑ ተንበረከከች፣ ሸሚዙን በረገደች። የቀኝ መዳፏን ተረከዝ ደረቱ መሐል፣ የደረት አጥንቱ ታችኛው እኩሌታ ላይ አሳረፈች፤ ግራውን ከላይ ደረበች፣ ጣቶቿን አቆላለፈች። ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ ከእጆቿ በላይ አመጣች፣ ክርኗን አደረቀች። እስከዚህ ድረስ ከአቶ ጎማው ጋር አንድ ነበር።

ሲጫኑት ግን ልዩነቱ መጣ። ጎማ አይሞቅም። ጎማ የወንድም ፊት የለውም። በአምስተኛው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከእጇ ስር ወጣ፤ ጎድን ነው። ናታን ፊቱን አዞረ። ኤልዳናም እጇን ልታነሳ ነበር፤ እናቷ ግን ይህንንም አስቀድመው ነግረዋት ነበር። «የተሰበረ ጎድን ይጠገናል። የቆመ ልብ ጠጋኝ የለውም። ቀጥዪ።» ቀጠለች። አውራ ጣት የሚያህል ጥልቀት ትወርዳለች፣ ሙሉ ትለቀዋለች፣ ትወርዳለች፣ ትለቀዋለች። በሴኮንድ ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው፤ ሙሽራ ደጅ ሲደርስ በሚጨበጨበው ጭብጨባ ልክ።

ዘቡ ከቀይ ወደ ብርቱካን ተለወጠ።

«ምት አለ» አለ። ከዚያ ወዲያው፣ «አይንኩ።»

ኤልዳና ማልቀስ አማራት። ማሽኑ ውሸት አያውቅም። እጇ ያመጣውን ምት ቆጥሮ ምት አለ ይላል፤ ትእዛዙንም ስለተሰጠው አይንኩ ይላል። በሁለቱ መሐል የመረጠችውን መረጠች።

ችግሩ ክንዷ ነበር። ልምምዷ ሁሉ ሁለት መቶ ነው፤ ሁለት መቶ ደግሞ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በሦስተኛው ደቂቃ ትከሻዋ እሳት ሆነ፣ ላቧ በሮቤል ደረት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ምት ደካማ ነው» አለ ዘቡ።

ሃያ ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ናታን አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሆነውም አይዘልቁትም። ሰው ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው። ስልክ ብትደውል ማን ይወርዳል? «ዘቡ አይንኩ ብሎ የለ?» ይሏታል። እሑድ ጠዋት፣ በዚህ በረዶ፣ ከአርባ ፎቅ ሰው የሚያወርድ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከጭንቅላቷ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ናታን፣ ጡሩምባውን ንፋ!»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም!»

ናታን ደነገጠ። ከወንድምየው መውደቅ ይልቅ በዚህ የደነገጠ ይመስል ነበር። «ለሕያው ሰው ጡሩምባ? ሟርት ነው እኮ እትዬ ኤልዳና! ደንቡም...»

«ደንቡ ከሞተ በኋላ ሰው ሰብስብ ነው የሚለው። እኔ ሳይሞት ነው የምፈልጋቸው። ንፋ!»

ናታን ደንብ ወዳድ ነው ብለናል፤ ፈሪ ግን አይደለም። ጡሩምባውን ከሚስማሩ ነጥቆ ወደ ደረጃው ሮጠ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የታነቀ ፍየል ይመስል ነበር። ሁለተኛው አየር ነው። በሦስተኛው ግን ነሐሱ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ በደረጃው ጉድጓድ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጣ። ከግድግዳ የሚወጣውን የለመደ ጆሮ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህኛው ያንገበግባል።

ብሎክ ዘጠኝ ወረደ። ጥቁር የለበሰ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ፀጉሩ ግማሽ የተሠራ፣ ነጠላ ጫማው የተለያየ፤ በአሳንሰርም በደረጃም። የመጀመሪያዎቹ ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ! ማነው? ማነው?» እያሉ ገቡ፤ ኤልዳናን ወንድሟ ላይ ተንበርክካ ሲያዩ ልቅሶው ጨመረ። ሐዘን ያሳበዳት መሰላቸው። ከዚያ፣ ልማድ ነውና፣ እያለቀሱ በናታን ጠረጴዛ ፊት ተሰለፉ። ቁጥራቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ።

ኤልዳና ቀና ብላ ያንን ሰልፍ አየች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት።

«ናታን! ስም ጥራ!»

«አሁን?»

«አሁን! የተጠራ መጥቶ ይጫን! ሁለት ሁለት ደቂቃ!»

ናታን መዝገቡን ገለጠ። ድምፁ የእሑድ ስብሰባ ድምፅ ነበር። «ቁጥር አንድ! ሃሴት ግርማ!»

«አቤት!» አሉ እማማ ሃሴት። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ወደ ፊት ወጥተው ወለሉን አዩ፣ ጉልበታቸውን አዩ። «ልጄ፣ እኔ ከተንበረከክሁ በራሪው የሚያነሳው ሁለት ሰው ነው። ምን ላድርግ?»

«ያጨብጭቡልኝ፣ እማማ። ሙሽራው ደጅ ሲደርስ እንደሚጨበጨበው።»

እማማ ሃሴት ለልቅሶ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ወደ ትከሻቸው ወረወሩና ያጨበጭቡ ጀመር። ሌሎቹ ሴቶች እንባቸውን ሳይጠርጉ ተከተሏቸው። በልቅሶ ልብስ የሰርግ ጭብጨባ ሲመታ በብሎክ ዘጠኝ የመጀመሪያው ነው።

«ቁጥር ሁለት! ዮናታን በቀለ!»

«አቤት» አለ ሥጋ ቤት ያለው ዮናታን። በሬ የሚያህል ሰው ነው። መጥቶ ቆመና እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «ዘቡ አይንኩ እያለ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሌላም ነገር እያለ ነው። ጆሮህን አቅናና ስማው።»

«ምት ደካማ ነው» አለ ዘቡ።

«ምት?» አለ ዮናታን። «አልሞተም እንዴ?»

በሰልፉ ውስጥ ልቅሶው ቀጥ አለ። «አልሞተም! አልሞተም!» የሚለው ቃል ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ በደረጃው ወደ ላይ ተቀባበለ። ዮናታን ተንበረከከ። ኤልዳና እጇን ስታነሳ እሱ ተተካ፤ በሬ በሚያህል ጉልበቱ መጫን ጀመረ።

«ምት የለም» አለ ዘቡ።

ኤልዳና አጠገቡ ተንበርክካ ጮኸችበት። «ክርንህን አትጠፍ! በክንድህ አይደለም፣ በክብደትህ ውረድ! ደረቱ ላይ ደግሞ አትተኛበት፤ ሙሉ ይመለስ፣ እጅህ ግን ከቦታው አይነሳ። ጭብጨባውን ስማ፣ አትቅደም!»

ዮናታን ክርኑን አደረቀ። ጭብጨባውን ሰማ።

«ምት አለ።»

እልል አሉ። አንዲቷ «ዝም በሉ፣ ቁጥሩ አይሰማም!» ብላ ተቆጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሎክ ዘጠኝ ገና ለብዙ ዘመን ያወራዋል። ናታን ይጠራል፣ ሰው «አቤት» ይላል። «አቤት» ያለ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ማለት አይሆንለትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፈርተው የኖሩት እጅ በዚያ አንድ ቃል ተፈታ። ቁጥር ሦስት ልብስ ሰፊዋ ሊድያ ናት፤ ክብደቷ የአንድ ቅርጫት ያህል አይሞላም፣ ግን ክርኗን ማድረቅ አንድ ጊዜ ሲነገራት ገባት፤ ዘቡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ምት የለም» አላለባትም። ቁጥር ሰባት ዳግም የሚባለው ጎረቤታቸው ነበር፤ ከሮቤል ጋር በኮሪደር ወንበር ተጣልቶ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። «አቤት» አለና ተንበረከከ። «አንተ ግትር ሰውዬ፣ ተነስና ስደበኝ» እያለ ይጫናል፣ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ተራ የሚጠብቁት ከጎን ተንበርክከው እጃቸውን አዘጋጅተው ይጠባበቃሉ፤ በመቀያየሪያው መሐል ሁለት ጭብጨባ እንኳ እንዲያልፍ አልፈቀዱም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚሉት ተረት ብሎክ ዘጠኝ ውስጥ ሥጋ ለበሰ።

«ቁጥር አሥር!» አለ ናታን። ቁጥር አሥር ሁለት ደቂቃውን ጨረሰ። ናታን ዓይኑን ከመዝገቡ ሳያነሳ፣ አፉ እንደለመደው፣ «ቁጥር አሥራ አንድ! ሮቤል አምሳሉ!» ብሎ ጠራ።

«አቤት» የሚል አልነበረም።

ጭብጨባው ብቻ ቀረ። ናታን አፉን በእጁ ያዘ። ወለሉ ላይ የተኛው ሰው ፊት አመድ መስሏል፤ ሁሉም ያን ጊዜ አየው። እስከዚያ ድረስ ያዩት ደረቱን ብቻ ነበር።

«አሥራ ሁለት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። «የሱንም እኔ እሸፍናለሁ።»

ክንዷ ገና አላረፈም። ተንበረከከች፣ መዳፏን ደረቱ መሐል አሳረፈች፣ ወረደች። «ጋሼ» አለችው በእያንዳንዱ ጫና መሐል። «ተራህ ነው። ሰው ሁሉ አቤት ብሏል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። እወድሃለሁ፣ ግትር! ሰምተሃል? ሰው ፊት ነው የማወራው።»

«ምት አለ» አለ ዘቡ። «በራሪው ደርሷል።»

በረዶው አባርቶ ኖሯል፤ አንድም ሰው አላስተዋለም። በራሪው በረዶው በሰበረው የኮሪደር መስታወት ገባ፣ ከጣሪያው ስር ተንሳፈፈ፣ ሁለት ቀጫጭን ክንዶቹን ዘረጋ። ዮናታን ከፊቱ ሰው እየገፋ መንገድ ጠረገለት። «ሁሉም ይራቁ» አለ በራሪው። ኤልዳና እጇን አነሳች። በኤሌክትሪክ ንዝረቱ የሮቤል ሰውነት አንድ ጊዜ ነጠረ።

ቀጥሎ የመጣው ቃል በብሎክ ዘጠኝ ከማንኛውም ማሽን አፍ ተሰምቶ የማያውቅ ነበር።

«ይጫኑ» አለ በራሪው። «የሚጫን ሌላ ማሽን በአካባቢው የለም። እንደ ቀድሞው ይጫኑ።»

ናታን መዝገቡን ጥሎ «ቁጥር አሥራ ሦስት እኔው ነኝ!» ብሎ ዘለለ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ደረቱን ተጫነ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ።

«ያቁሙ» አለ በራሪው።

ናታን እጁን አነሳ። እማማ ሃሴት ማጨብጨብ አቆሙ። ስልሳ ሰው እጁን አየር ላይ እንዳነሳ ቀረ። በክፍሉ ውስጥ ሮቤልን የሚነካ አንድም እጅ አልነበረም። ዘቡ ብርቱካን ነበር፣ ብርቱካን ሆኖ ቆየ። ኤልዳና መቁጠር ጀመረች፤ ስምንት ላይ ደረሰች።

«ምት አለ» አለ ዘቡ።

ማንም አልተጫነውም። የራሱ ነበር።

እልልታው በአሳንሰሩ ጉድጓድ እስከ አርባኛ ፎቅ ወጣ። ዮናታን ሊድያን አቅፎ ከመሬት አነሳት፤ የሁለቱም ዘብ «ንክኪ» እያለ ይጮኻል፣ የሰማው የለም። ዳግም ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሴቶቹ የተዘቀዘቀውን ነጠላ እየገለበጡ አቀኑት። እማማ ሃሴት ኤልዳናን ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳሟት፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መሳም ነው። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይሉ ነበር እናቴ» አሏት። «ዕድሜዬን ሙሉ ለወግ የሚሉት መስሎኝ።» ኤልዳና ሁለት ክንዷን ማንሳት አቅቷት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ በራሪው ወንድሟን ሲወስደው አየች።

የነኩት ሁሉ ተጠያቂ ናቸውና በማግሥቱ መጠይቅ መጣ። «ማን ነካ?» ይላል። ናታን የተጫነውንም ተራውን የጠበቀውንም ሳይለይ የስልሳ ሁለት ሰው ስም በቁጥር ቅደም ተከተል፣ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ጽፎ ላከ፤ የራሱን ስም በቀይ አሰምሮበታል። መልስ አልመጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በየፎቁ ግድግዳ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተነሳ፤ ያነሳው ማን እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ደግሞ እሑድ እሑድ ሰልፍ ሆነ። አቶ ጎማው እንዲህ ያለ ጠያቂ አግኝቶ አያውቅም፤ «ጠቅ» ሲል ከውጭ ያሉት ያጨበጭባሉ።

ሮቤል በአራተኛው ሳምንት እሑድ ተመለሰ። ከስቷል፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ የግራ ጎኑን በመዳፉ ደግፎ ይዟል። ስብሰባው ላይ ሲገባ ሁሉም ተነሱለት።

«ተቀመጡ» አላቸው። «አታስቁኝ ብቻ። አራት ጎድን ነው የሰበራችሁብኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማን እንደሰበራቸው ደግሞ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ስትለማመድ ነበር።»

«አመሰግናለሁ ማለት አሁንም አልተማርክም» አለች ኤልዳና።

ሮቤል ዞር ብሎ አያት። ነጻውን እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ያዘና በትከሻው ገጨው። የሁለቱም ዘብ ጮኸ።

ናታን ጉሮሮውን ጠረገ። አዲስ ገጽ አልገለጠም። አራት ሳምንት ሙሉ ሊዘጋው ያልቻለውን ገጽ፣ የነሐሴን የመጀመሪያ እሑድ፣ አወጣ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ ስልሳ ሁለት ሳጥን ተሞልቷል፤ አንዱ ባዶ ነው። «ቀርቷል» ብሎ እንዳይጽፍ ሰውየው እዚያው ነበር። ሌላኛውን ቃል ሊጽፈው እጁ እንቢ ብሎታል። ባዶ ሳጥን ያለበትን ገጽ ደግሞ ደንቡ መዝጋት አይፈቅድም።

«ቁጥር አሥራ አንድ» አለ ናታን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሮቤል አምሳሉ።»

«አቤት!» አለ ሮቤል። «ያን ቀንም ነበርኩ። እንዲያውም ከሁላችሁ በፊት ነው የደረስኩት።»

ሳቁ እስኪበርድ ናታን እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ በባዶው ሳጥን ውስጥ «ቀርቧል» ብሎ ጻፈና ገጹን ዘጋው።